ከመስመሩ ጫፍ፦ የካፋ ኢንዱስትሪ፣ ማይክሮ ግሪድና የኃይል ማከማቻ

ዋጫ ከቦንጋ ወደ ሚዛን አማን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የካፋ ዞን ከተማ ስትሆን የጨና ወረዳ መቀመጫ ናት። በዙሪያዋ ቡና፣ ማርና ኮረሪማ ይመረታል። በፌዴራል ደረጃ የተገነባ የኢንዱስትሪ ፓርክ ግን ዋጫም ሆነች ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ የሆነችው ቦንጋ የላቸውም። ለአካባቢው የሚቀርበው በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ክልሉ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የአካባቢውን ምርት በጥሬው ጭኖ ከማውጣት እዚያው አቀነባብሮ መላክ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ጎላ ብሎ ይሰማል። ሐሳቡ በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለዋል፦ መብራቱስ? ፋብሪካው ዋናውን መስመር ይጠብቅ ወይስ የራሱን የታዳሽ ኃይል ማመንጫና ማከማቻ ይዞ ይምጣ?

ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከመነሻው የሚበላሸው «ንጹሕ ኃይል እናምጣ» በሚል ስለሚጀመር ነው። የኢትዮጵያ ዋና መስመር ከሞላ ጎደል በውኃ የሚመነጭ ኃይል ነው የሚያደርሰው፤ ከሱ የተቀጠለ ፋብሪካ ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ በታዳሽ ኃይል ይሠራል። የካፋ ችግር ሁለት ሌላ ነገር ነው፦ የኃይሉ መቆራረጥና ፋብሪካዎቹ የሚፈልጉት ሙቀት። ማይክሮ ግሪድና ማከማቻ መመዘን ያለባቸው ለእነዚህ ለሁለቱ በሚሰጡት መልስ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ነገሮች

«ማይክሮ ግሪድ» ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ነገር አያስብም። አንዱ በአእምሮው የሚመጣበት መስመር ያልደረሰበት መንደር ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በደቡብ ኦሞ ኦሞራቴ እና በሶማሌ ክልል ቆሪሌ ያቆማቸው ዓይነት፣ የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ያላቸው፣ ለብቻቸው የሚሠሩ ጣቢያዎች ማለት ነው። እነዚህን ሚኒ ግሪድ ማለት ተለምዷል። ሌላው የሚያስበው ደግሞ ከዋናው መስመር ጋር ተያይዞ የሚሠራ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ግን ራሱን ነጥሎ በራሱ ማመንጫ መቀጠል የሚችል የፓርክ ወይም የፋብሪካ ሥርዓት ነው። ለኢንዱስትሪ የሚያስፈልገው ይህ ሁለተኛው ነው።

ከሁለቱም ውጭ የሆነ፣ ግን በስሙ የሚጠራ ሦስተኛ ነገር አለ፦ በፋብሪካ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ የፀሐይ ሰሌዳ። ተራው ኢንቨርተር የሚሠራው ከመስመሩ የሚመጣውን ቮልቴጅና 50 ኸርዝ ተከትሎ ነው። መስመሩ ሲጠፋ፣ ምሰሶ ላይ የወጣው ጥገና ሠራተኛ በድንገት እንዳይያዝ ሲባል፣ ኢንቨርተሩም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በቀትር፣ ፀሐይ ጣሪያው ላይ እያቃጠለች፣ ፋብሪካው ሊጨልም ይችላል። ይህ እንዳይሆን ቮልቴጁንና ድግግሞሹን ራሱ መፍጠር የሚችል ኢንቨርተር፣ ከመስመሩ የሚነጥል ማብሪያ ማጥፊያ እና የትኛው ማሽን ይቅደም የትኛው ይቆይ የሚል መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ወጪው የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው፤ በጨረታ ሰነድ ላይ ተዘልሎ የሚታለፈውም ይኸው ነው።

የመነጠል ችሎታ ምን ያህል እንደሚጠቅም ዓለም በደንብ ያየው በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጃፓንን በመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ነበር። በሰንዳይ ከተማ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተሠራ ማይክሮ ግሪድ ዙሪያው ሲጨልም ለሕክምናና ለእንክብካቤ መስጫዎቹ ኃይል መስጠቱን ቀጠለ። እዚያም ቢሆን ዋናውን ሸክም የተሸከመው የጋዝ ሞተር ነበር፤ ፀሐዩና ባትሪው አጋዥ ነበሩ። አስተማማኝነትና ታዳሽነት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ይዞ አይመጣም።

ከአባ ሳሙኤል እስከ ኦሞ ኩራዝ

በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክና ፋብሪካ አብረው ነው ያደጉት። 6.6 ሜጋ ዋት የነበረው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ የአዲስ አበባን መብራት ሲሸከም ቆየ፤ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ቆቃ ተጨመረና በአዋሽ ሸለቆ የኢንዱስትሪ ቀጠና መፈጠር ቻለ። ሰው እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የሚለው መሥሪያ ቤት መነሻው በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነው።

የዚያ መሥሪያ ቤት አሠራር ለረጅም ዘመን ሁለት ክንፍ ነበረው። አንዱ የተሳሰረው ዋና መስመር ነው። ሌላው ከመስመሩ ርቀው ለየብቻቸው የሚሠሩ ጣቢያዎች ሲሆኑ አብዛኞቹ በናፍጣ፣ ጥቂቶቹ በትንንሽ ወንዞች ይሠሩ ነበር። ከውኃዎቹ መካከል በኢሉባቦር የሚገኘው ሶር 5 ሜጋ ዋት፣ ደምቢ 0.8 ሜጋ ዋት፣ ባሌ ያለው ያዶት 0.35 ሜጋ ዋት ነበሩ። ሶርና ደምቢ ሁለቱም በምዕራብና ደቡብ ምዕራብ መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዝናቡ ይበዛል፣ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ መስመሩ ደግሞ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ዛሬ እንደ አዲስ ግኝት የሚቀርበው አነስተኛ የውኃ ማመንጫ በዚህ አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው።

ከሁሉም በላይ ግን የፋብሪካ ማይክሮ ግሪድን ለማየት ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም። ስኳር ፋብሪካዎቻችን የአገዳውን ገለባ፣ ባጋስ የሚሉትን፣ አንድደው እንፋሎት ያፈላሉ፤ በእንፋሎቱ ተርባይን ያዞራሉ፤ ከተርባይኑ የወጣውን እንፋሎት ደግሞ ጭማቂውን ለማትነን ይጠቀሙበታል። ኃይሉም ሙቀቱም ከአንድ ነዳጅ ይወጣል፤ አቅሙ ያላቸው ትርፉን ለዋናው መስመር ይሰጣሉ። የኦሞ ኩራዝ ስኳር ልማት ይዞታ ከደቡብ ኦሞና ከቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን በተጨማሪ የካፋን ዴቻ ወረዳ ይነካል። በሌላ አነጋገር በታዳሽ ነዳጅ ራሱን የሚችል ትልቅ የኢንዱስትሪ ሥርዓት በካፋ ደጃፍ አለ። የዞኑን የኃይል ጉዳይ የሚያነሡ ጽሑፎች ይህን እምብዛም አለማንሣታቸው ያሳዝናል፤ የትምህርቱ ግማሽ እዚያ ነው ያለው።

ፓርኮቹ የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኮች አዋጅ ቁጥር 886/2007 ሲወጣ የታሰበው መሬቱ፣ ሼዱ፣ ውኃውና መብራቱ ተዘጋጅቶ ባለሀብቱ ማሽኑን ብቻ ይዞ እንዲገባ ነበር። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ የፍሳሽ ውኃውን አጣርቶ መልሶ በመጠቀሙ በአካባቢ ጥበቃ ምሳሌ ተደረገ። የኃይሉ ንጽሕና ግን ከዋናው መስመር ንጽሕና የተወሰደ ነበር፤ መሠረቱ የፓርኩ የራሱ ማመንጫ አልነበረም።

«ዋናው መስመር ይበቃል»

የመጀመሪያው አቋም የመንግሥት ዕቅዶች ለብዙ ዓመታት የተደገፉበት ነው። ማስረጃው ከባድ ነው። ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ከካፋ ብዙም በማይርቀው የኦሞ ወንዝ ላይ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚገነባው ኮይሻ 1,800 ሜጋ ዋት ይጨምራል። ግድብ ደግሞ ራሱ ማከማቻ ነው፤ ኅዳሴ ሲሞላ የሚይዘው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ በባትሪ ሊተካ የሚችል አይደለም። ይህን ሁሉ ያፈሰሰች አገር ለእያንዳንዱ ፓርክ ሌላ ማመንጫ ብትሠራ አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ይሆናል ይላሉ የዚህ አቋም ሰዎች።

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ዓይነት ተቃራኒ ማስረጃ ይቀርባል፤ ሁለቱ ተለይተው መታየት አለባቸው። አንደኛው የማመንጨት እጥረት ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ውኃ ሲቀንስ አገሪቱ 476 ሜጋ ዋት ጎደላት፤ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ፋብሪካዎችም ፈረቃው ደረሳቸው። በአንድ ምንጭ ላይ የተደገፈ ሥርዓት ድርቅ ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንደሚመታ ያ ወቅት አሳይቷል። ኅዳሴ ሌላ ተፋሰስ ላይ በመሆኑ ይህን ሥጋት ቀንሶታል፤ አላጠፋውም።

ሁለተኛው ማስረጃ የመስመር ነው፤ ለካፋ የሚቀርበውም ይህ ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2015 ባደረገው የድርጅቶች ጥናት የኢትዮጵያ ድርጅቶች በአማካይ በወር 8 ጊዜ ያህል መብራት እንደሚጠፋባቸው ተመዝግቧል። ይህ የሚደርሰው ግድቡ ሞልቶ ሳለም ነው። ትራንስፎርመር ይቃጠላል፤ ዛፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል፤ መብረቅ ይመታል፤ አንድ ፌዝ ይጠፋና የሦስት ፌዝ ሞተሮች በሙሉ ይቆማሉ ወይም ይቃጠላሉ። ወደ ቦንጋና ከዚያ ወዲያ የሚደርሰው ኃይል ከጅማ አቅጣጫ በተራራ፣ በጫካና በዝናብ መካከል ረጅም መንገድ ተጉዞ ነው የሚመጣው። ግድቡ በትልቁ ቢሠራም ይህ መስመር አንድ ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ጫፉ ላይ ያለው ፋብሪካ የሚያገኘው አስተማማኝነት ከመስመሩ ደካማ ቦታ አይበልጥም። «ዋናው መስመር ይበቃል» የሚለው አቋም ስለ ኃይሉ መጠን ትክክል ሆኖ ስለ መድረሱ ግን መልስ ያጥረዋል።

«ፓርኩ የራሱን ይያዝ»

ሁለተኛው አቋም ከዚህ ክፍተት ይነሣል። ደጋፊዎቹ በቀዳሚነት የሚጠቅሱት ጎረቤታችንን ኬንያን ነው። በኬሪቾ የሻይ ኩባንያዎች ለብዙ አሠርት ዓመታት ከወንዞቻቸው የራሳቸውን ኃይል ሲያመነጩ ኖረዋል። የአነስተኛ ሻይ አምራች ገበሬዎች ድርጅት የሆነው ኬቲዲኤም በኋላ ተመሳሳዩን መንገድ ይዞ በጉራ ወንዝ ላይ 6 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ጣቢያ ሠራ፤ ኃይሉ በኒየሪ አካባቢ ለአራት ሻይ ፋብሪካዎች ይደርሳል፤ ትርፉ ለብሔራዊው መስመር ይሸጣል። ባለቤቶቹ ቅጠሉን የሚያቀርቡት ገበሬዎች ናቸው። ለካፋ ከዚህ የሚቀርብ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ደጋው፣ ዝናቡ፣ ሻዩ፣ ወንዙ ሁሉም ይመሳሰላሉ።

ግን ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። በኬንያ ከመስመሩ የሚገዛው ኃይል ውድ ስለሆነ የራስን ማመንጨት ወጪ ይቆጥባል። በኢትዮጵያ የኢንዱስትሪ ታሪፍ ለረጅም ዘመን ከአካባቢው አገሮች ሁሉ በጣም ዝቅ ያለ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ እዚህ ማይክሮ ግሪድ በኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከዋናው መስመር ጋር ከተወዳደረ ይሸነፋል። የሚወዳደረው ከናፍጣ ጄኔሬተሩና ከሚበላሸው ምርት ጋር ነው። የአዋጭነት ጥናቶች ይህን ሒሳብ ሳይለዩ ሲቀሩ ወይ ያለ አግባብ ያጓጓሉ፣ ወይ ያለ አግባብ ተስፋ ያስቆርጣሉ።

የቡናና የሻይ ሰዓት

ለማይክሮ ግሪድ ልክ የሚያወጣው የዓመት ፍጆታ ብቻ አይደለም፤ ሥራው በቀን በስንት ሰዓት፣ በዓመት በየትኛው ወር እንደሚበረታም ነው። የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያን እንይ። ለቀማው ቀን ላይ ነው። ገበሬው እሸቱን በጆንያ ይዞ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ሲመዘገብና ሲለይ ይመሻል። መፈልፈያው ማሽን በኃይል የሚሠራው እንግዲህ ከምሽት እስከ ሌሊት ነው። የውኃ ፓምፑም አብሮት ይሠራል። እሸቱ በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ደረጃው ይወርዳል። ፀሐይ የምትሰጠው ኃይል ከሚፈለግበት ሰዓት ጋር በቀጥታ ይተላለፋል።

በዚያ ላይ ወቅቱ አለ። ጣቢያው በበጋው መግቢያ ለሦስት ወር ገደማ ይሠራል፤ የቀረውን የዓመቱን ክፍል በሩ ዝግ ነው። ባትሪ ግን ቢሠራም ባይሠራም ያረጃል። ለሦስት ወር ሥራ ብቻ የተገዛ ማከማቻ ዕዳውን መክፈል አይችልም። ቡናን ብቻ ይዞ የተሠራ ማይክሮ ግሪድ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ጎረቤት ያስፈልገዋል። የማር ማጣሪያ፣ የእህል ወፍጮ፣ የእንጨት ሥራ፣ የከተማው የውኃ ፓምፕ ለዚህ ይሆናሉ።

ሻይ ከዚህ ይለያል። ከቦንጋ አቅራቢያ ባለው የውሽውሽ ሻይ ልማት ለቀማው ዓመቱን ሙሉ ይቀጥላል። የተለቀመው ቅጠል በረጅም ገንዳዎች ላይ ተነጥፎ ከሥሩ ነፋስ በሚነፉ ማራገቢያዎች ለብዙ ሰዓት ይጠወልጋል፤ ይፈጫል፤ ለአጭር ጊዜ ይብላላል፤ ከዚያ በሞቃት አየር ይደርቃል። በማብላላት ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ቅጠሉ መብሰሉን አያቆምም፤ ከልኩ ያልፋል። ማድረቂያው ውስጥ ሳለ ማራገቢያው ቢቆም ምድጃው እንደነደደ ስለሚቆይ ቅጠሉ ያራል። አሥር ደቂቃ የጠፋ መብራት የአሥር ደቂቃ ሥራ ብቻ ወስዶ የማይሄድበት ቦታ ይህ ነው። ስለዚህ ለሻይ ፋብሪካ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ መስመሩ ሲጠፋ በስንት ሴኮንድ ሌላ ኃይል ይደርሳል የሚለው ነው። የናፍጣ ጄኔሬተር ተነሥቶ ሸክሙን እስኪቀበል ጊዜ ይፈልጋል፤ ባትሪ ግን በዓይን ጥቅሻ ይተካል።

ሙቀት ሌላ ጥያቄ ነው

የሻይ ቅጠል ሲለቀም ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ውኃ ነው፤ ሲታሸግ የሚቀረው 3 በመቶ ገደማ ነው። በመካከል ያለውን ውኃ ለማትነን የሚያስፈልገው ሙቀት ሞተሮቹ ከሚፈጁት ኤሌክትሪክ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ሙቀት በምሥራቅ አፍሪካ በአብዛኛው ከማገዶ ነው የሚመጣው፤ በኬንያ የራሳቸውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ፋብሪካዎችም ለማድረቂያው እንጨት ያነድዳሉ። በውሽውሽም ባሕር ዛፍ ለዚሁ ይተከላል። እንግዲህ «በታዳሽ ኃይል የሚሠራ ፋብሪካ» ሲባል ትንሹን ክፍል ብቻ ቆጥሮ ትልቁን መተው ይቻላል ማለት ነው።

ካፋ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የካፋ ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የዱር ቡና ዘር ያለበት ጫካ ነው። ማገዶ የሚፈልግ ፋብሪካ ሲበዛ የተተከለው ባሕር ዛፍ ካልበቃ ዓይን የሚያርፈው ተፈጥሮ ባበቀለው ላይ ነው። ሙቀቱን ወደ ኤሌክትሪክ እናዙር የሚሉ አሉ፤ የታሪፉ ርካሽነትና የሙቀት ፓምፕ ማድረቂያዎች መሻሻል ሐሳቡን ያበረታሉ። ነገር ግን ያን ያህል ጭነት በዚያ ረጅም መስመር ጫፍ ላይ መጨመር የቮልቴጅ መውረድን ያባብሳል። አስተማማኝነትን እናምጣ ሲሉ የአስተማማኝነቱን ችግር ማብዛት ይመጣል። ከዚህ ዳሰሳ ነጥቦች ሁሉ ጥናት የጎደለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ውኃ፣ ፀሐይ፣ ገለፈት

የኢትዮጵያ የፀሐይ ጨረር በአማካይ በቀን በካሬ ሜትር 5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይገመታል። ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ግን ከዚህ ይወርዳሉ፤ ካፋ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ጥቅምት በደመናና በዝናብ ሥር ይቆያል። ለአፋርና ለሶማሌ የተሠራ የፀሐይ ሥርዓት ንድፍ ተገልብጦ ቦንጋ ቢመጣ በክረምት ባዶ ባትሪ ይዞ ይቀመጣል።

ውኃው ግን አለ። የካፋ ወንዞች ከፊሉ በጎጀብ በኩል ወደ ኦሞ፣ ከፊሉ ወደ ባሮ–አኮቦ ይወርዳሉ። ግድብ ሳይሠራ ከወንዙ ከፊሉን በቦይ ወስዶ፣ በቧንቧ ቁልቁል ለቅቆ፣ ተርባይን አዙሮ መልሶ ወደ ወንዙ የሚያስገባ ጣቢያ ለዚህ መልክዓ ምድር ይስማማል። ወንዞቹ ዝናቡ እንዳባራ በቡናው ወቅት ገና ጉልበት አላቸው፤ ሌሊትም ይሮጣሉ። የሚደክሙት በጥርና በየካቲት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ የምትበረታበት ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ይበረታል። ደቡብ ምዕራብ ላይ የፀሐይ ሚና የውኃ አጋዥነት መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ስለ አቅሙ ግን መጋነን የለበትም። በሲዳማ በጀርመን የልማት ትብብር ድጋፍ የተሠሩት የጎቤቾ፣ የኤረርቴ እና የሐጋራ ሶዲቻ ጣቢያዎች 30፣ 33 እና 55 ኪሎ ዋት ነበሩ፤ የሚያስተዳድሯቸውም የገበሬ ማኅበራት ናቸው። ይህ ለአንድ የቡና መፈልፈያና ለወፍጮ ይበቃል። ፓርክ ሜጋ ዋት ይፈልጋል፤ ለዚያ የሶርን ወይም የጉራን ያህል ጣቢያ ያስፈልጋል፤ እነዚያን ለመሥራት ደግሞ ዓመታት የተለካ የወንዝ መረጃና ከፍ ያለ ካፒታል ይጠይቃል።

ሦስተኛው ምንጭ የሚጣለው ነገር ነው። የደረቀ የቡና ገለፈት ይነድዳል፤ ወደ ከሰል ጡብም ይጨመቃል። ከእሸት ቡና የሚወጣው እርጥብ ልጣጭና የማጠቢያው ውኃ ግን ወደ ወንዝ ሲለቀቅ ወንዙን ያበላሻል፤ በጅማ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶች ይህን ደጋግመው አሳይተዋል። ወደ ባዮጋዝ ቢቀየር ሁለት ችግር በአንድ ይቀልላል፤ ወቅታዊነቱ ግን እንደ ቡናው ነው፤ ጋዙ የሚበዛው በሦስቱ ወራት ብቻ ነው።

የማከማቻው ልክ

የሊቲየም ባትሪ ጥቅል ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2010 በኪሎ ዋት ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 የዓለም አማካዩ ወደ 115 ዶላር ወርዷል። ይህ ቁጥር በየስብሰባው ስለሚነሣ ጥንቃቄ ያሻዋል። የባትሪው ጥቅል ዋጋ ብቻ ነው፤ ኢንቨርተሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ ማጓጓዣው፣ ተከላውና ቀረጡ ሌላ ናቸው።

አንድ ቀላል ሒሳብ እናስቀምጥ። ፋብሪካው ሊያጣቸው የማይችላቸው ማሽኖች 500 ኪሎ ዋት ይፈልጋሉ እንበል። ለአንድ ሰዓት መቆራረጥ መሸፈኛ 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበቃል፤ በተጠቀሰው ዋጋ ጥቅሉ 57,500 ዶላር ነው። ፋብሪካው ሌሊቱን ሙሉ፣ 12 ሰዓት፣ በባትሪ ብቻ ይሥራ ከተባለ 6,000 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም 690,000 ዶላር ይሆናል። የመጀመሪያው አብዛኛውን አጭር መቆራረጥ ይሸፍናል፤ ለረጅሙም ጄኔሬተር ወይም ተርባይን እስኪደርስ ድልድይ ይሆናል። ሁለተኛው ዋናውን መስመር ለመተካት የሚደረግ ሙከራ ነው፤ ርካሽ የውኃ ኃይል ባለበት አገር ይህን ማድረግ የሚያስችል ምክንያት አይታየኝም። ቀንን ወደ ሌሊት የማሻገር ሥራ ግድቦቹ ከማንም በተሻለ ይሠሩታል። ለፓርክ ባትሪ የሚቀረው ሥራ ሴኮንዶችንና ጥቂት ሰዓቶችን መሸፈን ነው።

የአየሩ ጠባይ ለካፋ ያደላል። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ በሰመራ ፓርክ የሚቆም ባትሪ ማቀዝቀዣ ላይ የሚያጠፋውን ኃይል በቦንጋ ደጋ የሚቆመው አያጠፋም። እርጥበቱ ግን ለኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ጠላት ነው፤ ቤቱ በደንብ መዘጋት አለበት።

ዋጋና ሕግ

ታሪፉ እየተለወጠ ነው። ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ከቆየ በኋላ በ2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ ጭማሪ ተጀመረ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምር ሌላ የአራት ዓመት ማስተካከያ ሥራ ላይ ውሏል። ይህ ለማይክሮ ግሪድ ደጋፊዎች ክርክር ጉልበት ይሰጣል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ግን በብር ሲታይ ሰሌዳውን፣ ኢንቨርተሩንና ባትሪውን እጥፍ አስወድዷል። አንዱ የሰጠውን ሌላው ወስዶታል ማለት ይቻላል።

በወረቀት ላይ ያለ ዋጋ ብቻውን ኃይል እንደማያመጣ ደግሞ በራሳችን አገር ታይቷል። በ2012 ዓ.ም. ለጋድና ለዲቼቶ የፀሐይ ጣቢያዎች የተፈረመው ውል በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በጊዜው በአፍሪካ እጅግ ዝቅተኛ ተብሎ ተወደሰ። ጣቢያዎቹ ግን ኃይል ሳያመነጩ ቀርተዋል። የመተሐራው 100 ሜጋ ዋትም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። በእነዚህ ውሎች ዙሪያ ከነበሩት ማነቆዎች ዋነኛው የውጭ ምንዛሪ ዋስትና ነበር። ለፓርክ የሚሠራ አነስተኛ ሥርዓት በብር የሚከፈልና በብር የሚሸጥ ካልሆነ እዚያው ማነቆ ውስጥ ይገባል።

በሕግ በኩል በሩ ተዘግቷል ማለት አይቻልም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ከነማሻሻያው የግል አምራች ፈቃድ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ለትልልቆቹ መንገድ ጠርጓል፤ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም ለሚኒ ግሪድ መመሪያ አለው። የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ደግሞ የፓርኮቹን አስተዳደር እንደገና አዋቅሯል። ክፍተቱ ትርፍ ኃይልን መልሶ በመሸጥ ላይ ነው። ለትንንሽ አምራቾች ቋሚ የመሸጫ ዋጋ ያስቀምጥ የነበረው ረቂቅ ሕግ ሳይጸድቅ ቀርቷል። ስለዚህ በክረምት የሚተርፈው የወንዝ ኃይል፣ ፋብሪካው ካልፈለገው፣ በቦዩ ፈስሶ ይሄዳል።

ያልተቋጩ ነጥቦች

ከሁሉ የሚከብደው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በ2006 ዓ.ም. መብራት ኃይል ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ከፍተኛ ማስተላለፊያ ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሥርጭትና ሽያጭ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሰ። የፓርክ ማይክሮ ግሪድ ግን ያመነጫል፣ ያከማቻል፣ ያከፋፍላል፤ የሦስቱንም ሥራ ደርቦ ይዟል። ባለቤቱ የፓርክ አስተዳደሩ ይሁን፣ የቡና ማኅበራት ዩኒየን ይሁን፣ ወይስ የግል ኩባንያ? የኬንያው ምሳሌ የገበሬ ባለቤትነት እንደሚቻል ያሳያል፤ ያ ድርጅት ግን ጣቢያዎቹን ከመሥራቱ በፊት ፋብሪካዎችን በማስተዳደር ብዙ ልምድ አካብቶ ነበር።

ሁለተኛው የአጥር ጉዳይ ነው። መስመር ሲቋረጥ ፓርኩ እየበራ ከተማው የሚጨልም ከሆነ፣ በአንድ ወንዝ የሚጠቀሙ ሰዎች ያንን ለምን ያህል ጊዜ በዝምታ ያያሉ? ጤና ጣቢያውንና የከተማውን የውኃ ፓምፕ ከማይክሮ ግሪዱ ጋር ማገናኘት ወጪውን ብዙ አይጨምርም፤ ወንዙን ለመጠቀም የሚያስፈልገውን ስምምነት ግን ያጸናል። ይህ በንድፉ መጀመሪያ ካልገባ በኋላ ለመጨመር ከባድ ነው።

ሦስተኛው የመስመሩ መምጣት ነው። ሁለተኛ የማስተላለፊያ መስመር ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢዘረጋ ለብቻው የተሠራው ማይክሮ ግሪድ ይከስራል የሚል ሥጋት አለ። የውኃ ተርባይን በዚህ አይከስርም፤ ከመስመሩ ጋር ተያይዞ መሥራቱን ይቀጥላል። ባትሪውም ልኩ ለመቆራረጥ ከሆነ ዕድሜውን እስኪጨርስ ይጠቅማል። የሚከስረው መስመሩን እንዲተካ ተብሎ የተገዛው ትልቁ ማከማቻ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ላይ ለመወሰን የሚያስፈልጉት ሁለት መለኪያዎች ርካሽ ናቸው። አንዱ ከቦንጋ ጣቢያ በሚወጡት መስመሮች ላይ እያንዳንዱ መቆራረጥ ስንት ሰዓት ላይ ጀምሮ ስንት ደቂቃ እንደቆየና ቮልቴጁ ምን ያህል እንደወረደ ዓመቱን ሙሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። ሌላው በዋጫና በውሽውሽ ዙሪያ በታሰቡ ወንዞች ላይ በጥርና በየካቲት ባለው ደረቅ ወቅት የሚወሰድ የፍሰት ልኬት ነው። የባትሪው መጠን ከመጀመሪያው፣ የተርባይኑ መጠን ከሁለተኛው ይወጣል፤ ጨረታውም ከሁለቱ በኋላ መምጣት አለበት።